የጎልማሳ ዕዳ ለሽማግሌ

«የአባት ዕዳ ለልጅ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ አባባል ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ትዝ የሚለን የገንዘብ ብድር፣ የርስት ክርክር ወይም የቆየ ቂም ነው። በእኔ አእምሮ ውስጥ ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሚመላለሰው ሌላ ዓይነት ዕዳ ነው፤ ተበዳሪውና ከፋዩ በአንድ ስም የሚጠሩበት ዕዳ። ጎልማሳው ይበደራል፤ ሽማግሌው ይከፍላል። ሽማግሌው መክፈል ሲያቅተው ደግሞ ዋስ ተብሎ የሚያዝ ሰው አለ። እሱን ወደ በኋላ አነሣዋለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። አባቴ ያረፈው በ2010 ዓ.ም. በ78 ዓመቱ ነበር። አርባው ካለፈ በኋላ እኔና ታላቅ እህቴ ወረቀቶቹን ለማየት ተቀመጥን። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ ቤቱንም እንደ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ነበር የሚይዘው። የውኃና የመብራት ደረሰኞች በየዓመታቸው በክር ታስረው፣ የዕድርና የዕቁብ ደብተሮች በተርታ ተደርድረው አገኘናቸው። ከነዚያ መካከል ወደ ቢጫነት የተለወጠች አንዲት የክሊኒክ ካርድ ወጣች። የተጻፈባት ዓመት 1982 ነው፤ ያን ጊዜ አባቴ 50 ዓመቱ ነበር። «170 በ100» ይላል የመጀመሪያው መስመር። ከጎኑ የአንድ ወር መድኃኒት ታዟል። በሁለተኛው መስመር፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ «145 በ90» ተብሏል። ከዚያ በታች ያለው መስመር ሁሉ ባዶ ነው።

የባዶውን መስመር ታሪክ ካርዷ ባትነግረኝም እኔ አውቀዋለሁ። የ16 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ መድኃኒቱ ማለቁን ባሳሰበችው ቁጥር አባቴ «ምንም አያመኝም እኮ» ይል ነበር። አልዋሸም። በእርግጥም ምንም አያመውም ነበር። ጠዋት በእግሩ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ማታ ሬዲዮኑን ይከፍታል፤ የበዓል ዕለት ከማንም ይበልጥ ይበላል፣ ይጫወታል። ራሱን ሲያዞረው አንድ ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ይውጣል፤ ያልፍለታል። የማያም ነገር በሽታ መሆኑን መቀበል ለማንም ሰው ቢሆን ቀላል አይደለም።

ከ20 ዓመት በኋላ፣ 70 ሲሞላው አካባቢ፣ አባቴ የዕድር መዋጮ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ከፈለ። ሳቅንበት። እሱም ሳቀ። ቀጥሎ የወሩን የቤት ወጪ ሦስት ጊዜ ደምሮ ሦስት የተለያየ ድምር አገኘ፤ ያን ዕለት ግን ማንም አልሳቀም። የብዙ ዓመት ሒሳብ በቃሉ ይይዝ የነበረ ሰው ደብተሩን ከድኖ ለእህቴ ሰጣትና ሁለተኛ አልጠየቃትም። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቱ የሚመልሰው መንገድ ጠፋው። ከዚያ እኔን በልጅነታቸው የሞተ ወንድሙ እየመሰልኩት ስለ በሬዎቻቸው ይጠይቀኝ ጀመር። በመጨረሻም ሌት ተቀን የምታጥበውንና የምታጎርሰውን የእህቴን ስም ረሳ። ጎረቤቱ ሁሉ ለዚህ ነገር አንድ ቃል ነበረው፦ «ጃጀ»።

*

ለመሆኑ «ጃጀ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ቃሉ ፀጉር ሸበተ፣ ጥርስ ረገፈ እንደማለት ሆኖ ነው የሚነገረው። ዕድሜ አመጣው፤ አለቀ። ነገር ግን ሽማግሌ ሁሉ አይጃጅም። በ90 ዓመታቸው የሰፈሩን ታሪክ ከነዓመተ ምሕረቱ የሚተርኩ አዛውንት ሁላችንም እናውቃለን። ዕድሜ ብቻውን ምክንያት ቢሆን ኖሮ እነሱን ማን አስተረፋቸው?

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ 2 ያህሉ ብቻ ነው። ሆኖም ሰውነታችን ከሚጠቀምበት ኦክስጅን አንድ አምስተኛውን የሚወስደው እሱ ነው። ቀለብ የሚያጠራቅምበት ጎተራ የለውም፤ ልብ በየምቱ የምትልክለትን እየተቀበለ የሚኖር ጥገኛ ነው። ደሙን የሚያመጡለት ሥሮች ባንገት በኩል ወፍራም ሆነው ይገባሉ፤ ከዚያ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየቀጠኑ፣ ከውስጠኛው ክፍል ሲደርሱ ከፀጉር ይሰልላሉ። የደም ግፊት ለብዙ ዓመት ከፍ ብሎ ሲቆይ እነዚህ ቀጫጭን ሥሮች ግድግዳቸው ይወፍራል፣ ይደርቃል፣ መሐላቸውም ይጠባል። ከእነሱ የሚጠጣው የአንጎል ክፍል፣ አንዱን የአእምሮ ማዕዘን ከሌላው የሚያገናኘው ነጩ ክፍል፣ ቀስ በቀስ ይጠማል። ኤም አር አይ በተባለው መሣሪያ ሲነሣ ጉዳቱ እንደ ነጫጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። አንድ ሁለት ነጠብጣብ ምንም ላያደርግ ይችላል። ሲበዛ ግን ሐሳብ ይዘገያል፣ ቃል ይጠፋል፣ ድምር አልገጥም ይላል።

ይህ በሽታ ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ከገለጸው፣ በአንጎል ውስጥ ከሚጠራቀመው የፕሮቲን ዝቃጭ ጋር ከሚያያዘው በሽታ የተለየ ነው። ሆኖም ሁለቱ በአንድ ሽማግሌ ጭንቅላት ውስጥ ተዳብለው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። አባቴን ያየው ሐኪምም «ምናልባት ከሁለቱም ይኖርባቸዋል፤ የደም ሥሩ ጉዳት ግን ጎልቶ ይታያል» ነበር ያለን።

አንባቢን የሚያስገርመው ይህ ዕውቀት ምን ያህል በቅርቡ የመጣ መሆኑ ነው። በየካቲት ወር 1937 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ግብፅ ውስጥ «ኩዊንሲ» በተባለች የጦር መርከብ ላይ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ከፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋር ተገናኝተው ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ሩዝቬልት በ63 ዓመታቸው አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ሞቱ። ከመሞታቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ግፊታቸው ሲለካ 186 በ108 ነበር፤ በሞቱባት ዕለት 300 በ190 ደርሶ ነበር። የግል ሐኪማቸው ግን ፕሬዚዳንቱ ደኅና ናቸው ሲል ነው የኖረው። በዚያ ዘመን ሰው ሲያረጅ ግፊቱ ቢጨምር ተፈጥሮ ነው የሚሉ ሐኪሞች ብዙ ነበሩ። በዓለም ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ የተሻለ ሕክምና ማግኘት የሚችለው ሰው ያለ ሕክምና ሞተ ማለት ይቻላል፤ ሕክምናው ገና አልነበረምና።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 62 የሆኑ 5,209 ወንዶችና ሴቶች ለጥናት ተመዘገቡ። በየሁለት ዓመቱ እየመጡ ክንዳቸውን ለመለኪያ፣ ደማቸውን ለምርመራ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 ልጆቻቸው፣ በ2002 የልጅ ልጆቻቸው ተጨመሩ። የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ ለልብ ሕመም እንደሚዳርጉ ዓለም አጥርቶ ያወቀው በአብዛኛው ከእነዚህ ሰዎች ክንድ ነው።

ልብን ከሽምግልና አእምሮ ጋር ያገናኘው ማስረጃ ግን ከዚያም በኋላ ነው የመጣው። ሐዋይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ 8,006 የጃፓን ዝርያ ያላቸው ወንዶች በጉልምስናቸው ተለክተው ነበር። ሲሸመግሉ ደግሞ የማስታወስ ችሎታቸው ተፈተነ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ውጤት በጉልምስና ግፊቱ ከፍ ያለው ሰው በሽምግልና አእምሮው የመዳከም ዕድሉ የሰፋ መሆኑን አሳየ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1946 በአንድ ሳምንት ውስጥ የተወለዱ ከ5,000 የሚበልጡ ሕፃናት ዕድሜ ልካቸውን ሲጠኑ ቆይተዋል። 70 ዓመት ሲሞላቸው ከእነሱ ውስጥ 500 ያህሉ አንጎላቸው ተነሣ። ከ36 ዓመታቸው እስከ 50ዎቹ መግቢያ ባለው ጊዜ ግፊታቸው ብዙ የጨመረባቸው ሰዎች አንጎላቸው አነስ ብሎ፣ ነጠብጣቡም በዝቶ ተገኘ። በለንደን የመንግሥት ሠራተኞች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጥናት ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አጠበበው። በ50 ዓመት ዕድሜ የላይኛው ቁጥር 130 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በኋላ ለሚመጣው የመርሳት በሽታ ያለው ሥጋት ይጨምራል፤ ያው ቁጥር በ60 ወይም በ70 ዓመት ሲለካ ግን ያን ያህል አይናገርም። እንዲያውም የመርሳት በሽታ ሊጀምር ሲል ግፊት ራሱ ዝቅ ይላል። ሌባው ዘርፎ ከወጣ በኋላ ቤቱን ብናይ ጭር ያለ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ይህ የመጨረሻው ነገር ነው። ዕዳው የሚፈረመው በ50 ዓመት ነው። በ70 ዓመቱ የሚመጣው ሽማግሌ ለመከራከር ሲነሣ የይግባኙ ጊዜ አልፏል።

*

ይህን ሁሉ አንድ ቀን ሥጋ ቤት ተቀምጠን ለቆየ ወዳጄ አወራሁት። ቁርጡን በሚጥሚጣ እየነካ አዳመጠኝና ሳቀ። «እኔ የምልህ» አለኝ፣ «ያ የምትለው የ75 ዓመት ሽማግሌ ማነው? አላውቀውም። የአሥር ዓመት ልጅ የነበርኩትን ልጅ እንኳ ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው አላውቀውም። ነገ ለሚመጣ ለማላውቀው ሰው ብዬ ዛሬ ጨው የሌለው ወጥ የምበላው ምን ዕዳ አለብኝ? ደግሞስ ጃጅቶ ከመኖር በልቶ መሞት አይሻልም?»

ሁለተኛውን ጥያቄ መመለስ ይቀላል። ወዳጄ በአእምሮው ያለው ምርጫ በጥጋብ በድንገት መሞትና በጾም ረጅም ዕድሜ መኖር ነው። እንዲህ ያለ ምርጫ የሰጠው ግን ማንም የለም። አባቴ ከመጃጀት አላመለጠም፤ ካልታከመው ግፊት በኋላ የመጣውም በአንድ ጀምበር የሚወስድ ሞት ሳይሆን የስምንት ዓመት መሸራረፍ ነው። ያገራችን ሰው «ከሞቱ አሟሟቱ» ሲል ያወቀው ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም። ትልልቅ ፈላስፎችም ተጨንቀውበታል። እንግሊዛዊው ዴሬክ ፓርፊት እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ ሲጋራ የሚጀምር ልጅን ምሳሌ አድርጎ ያነሣል። ልጁ ከ50 ዓመት በኋላ እንደሚሠቃይ ያውቃል፤ ግን ግድ የለውም፤ ያ ሽማግሌ እሱ መስሎ አይሰማውም። ፓርፊት ልጁን «ተሳስተሃል፣ ሽማግሌው አንተው ነህ» ብሎ አይሞግተውም። ይልቁንም «እሺ፣ እንዳልከው ሌላ ሰው ይሁን» ይለውና ጥያቄውን ያዞረዋል፤ በሌላ ሰው ላይ ብታደርገው ነውር የሚሆነውን ነገር በዚህ ሰው ላይ ማድረግ ለምን ነውር አይሆንም?

ይህ መልስ ወዳጄ የቆመበትን መሬት ከእግሩ ሥር የሚስብ ይመስለኛል። ሽማግሌው እኔው ከሆንኩ ራሴን መጉዳት ሞኝነት ነው። ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከሞኝነት አልፎ ግፍ ይሆናል። ምክንያቱም ያ ሰው ዛሬ እዚህ የለም። አይናገርም፣ አይለምንም፣ አይከስስም። በእሱ ላይ ያለኝ ሥልጣን አንድ ንጉሥ በሕዝቡ ላይ ካለው ሥልጣን ይበልጣል። ንጉሥ እንኳ እንዳይታመፅበት ይፈራል፤ እኔን ግን ያ ሽማግሌ ምን ያደርገኛል?

ለማላውቀው ሰው ምን ዕዳ አለብኝ ለሚለውም የፍራሚንግሃም ሰዎች መልስ አላቸው። እነዚያ 5,209 ሰዎች ሥራቸውን አቋርጠው ለዐሥርት ዓመታት ሐኪም ዘንድ ሲመላለሱ የጥናቱ ፍሬ ለእነሱ እንደሚደርስ ማንም ዋስትና አልሰጣቸውም። ብዙዎቹ ውጤቱ ሳይጠቅማቸው ሞተዋል። ፍሬው የደረሰው ለማያውቁት፣ ገና ላልተወለደ፣ አዲስ አበባ ውስጥ መድኃኒት ቤት ገብቶ ክንዱን ለሚያስለካ ሰው ነው። ለእኔ ነው። ከባሕር ማዶ ያለ እንግዳ ለእኔ ያን ያህል ከደከመ፣ እኔ ስሜን ይዞ ለሚመጣው እንግዳ በቀን አንዲት ክኒን መዋጥና ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት በእግሬ መሄድ ቢከብደኝ ምን እባላለሁ?

*

እዚህ ላይ ጽሑፌ ቢያልቅ ኖሮ ሰባኪ ሆኜ በወጣሁ ነበር። ሆኖም ይህ ዕውቀት ሁለት ስለት እንዳለው የተረዳሁት በራሴ ላይ ነው።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ እነዚህን ጥናቶች ካነበብኩ በኋላ በአባቴ ተናደድኩ። ካርዷን አወጣና ባዶውን መስመር አያለሁ። «ያቺን ክኒን ብትውጣት ምን ነበረበት?» እላለሁ ለራሴ። የእህቴ ስምንት ዓመት፣ የእናቴ የመጨረሻ ዘመን፣ ስሜን ሳያውቅ ያለፈው አባቴ፣ ይህ ሁሉ ጥፋት የእሱ ነው እያልኩ ልቤ ውስጥ ክስ መሠረትኩበት። አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ሐኪሞቹን ባለመስማት የታመመን ሰው ድንጋይ ከወረወረ ሰው ጋር ያመሳስለዋል። ድንጋዩ ከእጅ ከወጣ በኋላ መመለስ አይቻልም፤ ሆኖም መወርወሩ በእጁ ነበርና ተጠያቂ ነው። እኔም አባቴን በዚህ አንቀጽ ከሰስኩት።

በኋላ ግን ዓመቶቹን ማመሳከር ጀመርኩ። አባቴ መድኃኒቱን የተወው በ1982 ዓ.ም. ነው። የሐዋይ ወንዶች ጥናት የወጣው በእኛ አቆጣጠር በ1988 ነው። የእንግሊዞቹና የለንደኑ ከ2010 ወዲህ ናቸው። ሐኪሙ ለአባቴ «ለልብህ ጥሩ አይደለም» ብሎት ይሆናል፤ «ከ25 ዓመት በኋላ የልጅህን ስም ትረሳለህ» ሊለው ግን አይችልም ነበር፤ እሱም አያውቅም። አባቴ የወረወረው ድንጋይ የት እንደሚያርፍ አልነበረም የማያውቀው፤ በእጁ ድንጋይ መያዙንም አያውቅም ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ሳይንስ የሚናገረው ስለ ብዙኃኑ ነው እንጂ በአንድ ሰው ላይ ፍርድ አይሰጥም። ግፊቱን ሳይቆጣጠር 90 ዓመት በንቃት የሚኖር አለ፤ ሁሉን ነገር በሥርዓት አድርጎም የሚጃጅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት የሰበሰባቸው ሊቃውንት 14 ምክንያቶችን ዘርዝረዋል፤ ከነዚህም ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራ፣ ውፍረትና አለመንቀሳቀስ ይገኙባቸዋል። እነዚህ ሁሉ ቢወገዱ ከመርሳት በሽታ ከመቶ 45 ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ብለዋል። ቁጥሩ ትልቅ ተስፋ ነው። ግን ከመቶ 55 ያህሉ ከዚህ ውጭ መሆኑንም ያው ቁጥር ይናገራል። በአሜሪካ ከ9,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሙከራም አለ። የላይኛው ቁጥራቸው ከ120 በታች እንዲሆን የታከሙት ሰዎች ከ140 በታች እንዲሆን ከታከሙት ይልቅ ቀለል ያለ የማስታወስ ችግር የያዛቸው በ19 ከመቶ አንሰው ነበር። ከባዱን የመርሳት በሽታ በሚመለከት ግን ልዩነቱ በእርግጠኝነት ለመናገር የሚያበቃ አልሆነም። ሐኪም ራሱ «ምናልባት» በሚልበት ቦታ ልጅ በአባቱ ላይ «በእርግጥ» ብሎ ሊፈርድ አይገባውም።

ከ14ቱ ምክንያቶች ውስጥ በልጅነት ትምህርት አለማግኘትና የተበከለ አየርም አሉ። እነዚህን ማንም ሰው መርጦ አላመጣቸውም። ባገራችንም በ2007 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች ከመቶ 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳላቸው አሳይቷል። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲሸከም የሚውል ሰው፣ ጤና ጣቢያ ለመድረስ የግማሽ ቀን መንገድ የሚሄድ ገበሬ፣ መድኃኒቱ ሲጠፋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚንከራተት ጡረተኛ ከእኔ ጋር በእኩል አይጠየቅም። ግዴታ በአቅምና በዕውቀት ልክ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የደረስኩበት እምነት ይህ ነው። ይህ ዕውቀት ፊቱን ወደ ነገ ሲያዞር ግዴታ ነው፤ ወደ ትላንት ሲያዞር ግን ክስ ሊሆን አይገባውም። የአባቴ ባዶ መስመር ለእኔ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በእሱ ላይ ግን ማስረጃ አይደለም። ይህን ያልለየ ሰው ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ይወድቃል። ወይ «ሁሉም በዕጣ ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ወይ ደግሞ የታመመን ሽማግሌ ባየ ቁጥር «ራሱ ነው ያመጣው» እያለ ምሕረት ያጣል። መጽሐፈ ሲራክ አባትህ በሽምግልናው አእምሮው ቢጎድል እንኳ ታገሠው፣ አትናቀው ብሎ ልጅን ያዝዛል። «ለምን ጎደለ?» ብለህ መርምር አይልም።

*

አሁን ወደ ዋሱ ልመለስ።

አባቴ ሲታመም ታላቅ እህቴ አስተማሪ ነበረች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራዋን ለቀቀች። ማንም ልቀቂ አላላትም፤ ማንም አትልቀቂም አላላትም። እኔ እሑድ እሑድ ብርቱካን ይዤ እመጣ ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል እቀመጥና «እትዬ፣ በርቺ» ብዬ እወጣለሁ። የአባቴ ሽምግልና ያስከፈለውን ዕዳ በሙሉ የከፈለችው እሷ ናት፤ በጡረታዋ፣ በወገቧ፣ በእንቅልፏ። ወዳጄ ሥጋ ቤት ቁጭ ብሎ «የራሴ ጤና፣ የራሴ ጉዳይ» ሲል የረሳው እሷን ነው። ባገራችን የጃጀ ሰው ለብቻው አይጃጅም። ከጎኑ አንዲት ሴት ልጅ፣ አንዲት ምራት ወይም ደመወዟ ትንሽ የሆነ አንዲት የቤት ሠራተኛ አለች። እሷ በውሉ ላይ አልፈረመችም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሁሉ የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ49 ዓመቴ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል መድኃኒት ቤት ገብቼ ክንዴን ብሰጥ 152 በ96 ተባልኩ። ሐኪም ዘንድ ሄጄ መድኃኒት ጀመርኩ። ሦስት ወር ዋጥኩ። ለፋሲካ ወደ ገጠር ስሄድ ረስቼው ሄድኩ፤ ስመለስም አልጀመርኩትም። ለምን ብባል የምሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነበር፦ ምንም አላመመኝም። እንዲህ ብዬ ሳስብ የሰማሁት ድምፅ የእኔ አልነበረም። ካርዴን አውጥቼ ብመለከተው ከሦስተኛው መስመር በታች ባዶ ነው።

ባለፈው መስከረም እንደገና ጀመርኩ። አንድ የክንድ መለኪያ መሣሪያም ገዛሁ። በመጀመሪያው እሑድ በብርቱካኑ ፈንታ እሱን ይዤ ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ። ዛሬ 58 ዓመቷ ነው። የአባታችንን ክንድ ስንትና ስንት ጊዜ ይዛ አስለክታለች፤ የእሷን ግን ማንም ለክቶት አያውቅም፤ እኔም ጭምር። ቡናው እስኪፈላ ክንዷን አስሬ ቁልፉን ተጫንኩ። መሣሪያው ነፍቶ፣ ተንፍሶ፣ ቁጥሩን አወጣ፦ 168 በ98።

መነጽሯን ፈልጋ አየችውና ረከቦቱን ወደ ራሷ ሳበች። «ተወው ባክህ» አለችኝ ስኒ እየደረደረች፣ «እኔ ምንም አያመኝም።»

ሰኞ ጠዋት አብረን ሐኪም ዘንድ ሄድን። የእሷን ካርድ እኔ ነኝ የማስቀምጠው፤ የእኔን እሷ ታስቀምጣለች። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ እንተያያለን፤ መስመሩ ባዶ እንዳይሆን።